ከጀሞ ሰገነት ላይ የጠፈር ጣቢያውን በባዶ ዓይን ማየት

ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሰዓት፣ ትክክለኛ አቅጣጫና አንድ ጋቢ ነው። ጋቢውን አትናቁት። በኅዳር ምሽት ጀሞ ሰገነት ላይ አንጋጦ የቆመ ሰው ለምን እንዳልኩ ያውቃል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ90 ደቂቃ ገደማ ነው። ከጫፍ ጫፍ 109 ሜትር ነው፤ የኳስ ሜዳ ያክላል ማለት ነው። አብዛኛው ስፋቱ ሶላር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ከታች ላለነው እንደ አጥቢያ ኮከብ ደምቆ ይታያል፤ ልዩነቱ ይሄኛው ይሄዳል። ከጥቅምት 1993 ዓ.ም. ወዲህ ውስጡ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

እኔ ያየሁት በሦስተኛው ሙከራ ነው። ሁለቱን ያጣሁት በሰማዩ ጥፋት ሳይሆን በራሴ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት ከእነሱ ልጀምር።

የመጀመሪያው የሰዓት ጣጣ ነው። ጣቢያው በእናንተ ሰማይ መቼ እንደሚያልፍ የሚነግሩ አሉ። የናሳው ስፖት ዘ ስቴሽን መተግበሪያ በነጻ ይጫናል፤ ሄቨንስ አባቭ የሚባል ድረ ገጽም አለ። የሚቆጥሩት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ 7:04 የሚለውን አየሁና ማታ መሆኑን ብቻ ይዤ "ሌሊት 7:04" ብዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ለእህቴም "ነገ ሰባት ሰዓት ከአራት ላይ ነይ፣ ጉድ አሳይሻለሁ" አልኳት። እህቴ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሽሮዬን በልታ ሄደች።

እኔ ደግሞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተነስቼ ሰገነት ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ስወርድ ዘበኛችን በባትሪ አበሩብኝና "ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት?" አሉ። "ጣቢያውን እየጠበቅሁ ነበር ጋሼ" ስላቸው ደነገጡ። "ምነው፣ ተሰረቅህ እንዴ?"

በኋላ ሲገባኝ፣ በዚያ ሰዓት ጣቢያው በአናቴ ላይ ቢያልፍ እንኳ አላየውም ነበር። የራሱ መብራት ለእኛ አይታይም፤ የምናየው ከሶላሩና ከአካሉ ላይ የሚነጥረውን የፀሐይ ብርሃን ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ላለው ገና አልጠለቀችም። እኛ ጨለማ ውስጥ፣ እሱ ፀሐይ ላይ። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። ስለዚህ የሚታየው ከምሽቱ መጀመሪያና ከንጋት በፊት ብቻ ነው።

ስሌቱ ይሄው። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። 18:52 ካለ ስድስት ቀንሱ፤ ምሽት 12:52 ነው። 19:14 ካለ አሥራ ስምንት ቀንሱ፤ ከምሽቱ 1:14። 05:20 ካለ ስድስት ደምሩ፤ ንጋት 11:20። አዲስ አበባ ላይ መልሳችሁ ከምሽቱ 12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከሌሊቱ 10 ተኩል እስከ ንጋቱ 12 ተኩል ባለው ውስጥ ካልወደቀ፣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ለሰው ስትነግሩም "ማታ አንድ ሰዓት ከአራት" በሉ። የእህቴን ሽሮ አስታውሱ።

ሁለተኛውን ሙከራዬን ያበላሸው ቪፒኤን፣ ኢንተርኔቱን በሌላ ሀገር በኩል የሚያዞረው መተግበሪያ ነው። እንደ ብዙ ሰው ስልኬ ላይ ቪፒኤን ከፍቼ ረስቼዋለሁ። ድረ ገጹ ያለሁበትን ቦታ ከኢንተርኔቱ ሲገምት አምስተርዳም ነህ አለኝ። ሰዓቱን በጥንቃቄ ቀየርኩ፣ ጋቢ ለብሼ ወጣሁ፣ የአምስተርዳምን ሰማይ ጀሞ ላይ ጠበቅሁ። ድረ ገጹ የሚያወጣውን የሰዓት ሠንጠረዥ ከማመናችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን የከተማ ስም እዩ።

አሁን ሠንጠረዡን እናንብብ። ብዙ ቁጥር አለው፤ ሦስቱን ብቻ ያዙ። መቼ ይወጣል፣ ከየት ወደ የት ይሄዳል፣ ትልቁ ከፍታ ስንት ዲግሪ ነው። ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው። አድማስ ዜሮ ነው፤ አናት 90። ከ40 በላይ ካለ ከእራት ተነስታችሁም ቢሆን ውጡ። ከ20 በታች ከሆነ ፎቅና ተራራ ይከልለዋል፤ እኔ አልደክምለትም። ዲግሪ ለመለካት እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉና ጡጫ ጨብጡ። የጡጫችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአድማስ ጀምራችሁ ጡጫ በጡጫ ላይ እየደረባችሁ ቁጠሩ።

ለአቅጣጫ የስልክ ኮምፓስ አለ፤ የኮንዶሚኒየም ብረት ያሳብደዋል እንጂ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን ኮምፓሱ ተራራው ነው። እንጦጦ ሰሜን፣ ወጨጫ ምዕራብ፣ ፉሪ ደቡብ። የረር በምሥራቅ በኩል ነው፤ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ጣቢያው ሁልጊዜ ከምዕራብ ወገን ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወገን ነው የሚሄደው። ወይ በፉሪና በወጨጫ መሃል ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቋርጣል፤ ወይ በወጨጫና በእንጦጦ መሃል ብቅ ብሎ ወደ የረር ይወርዳል። ከየረር ወደ ወጨጫ የሚሄድ መብራት ካያችሁ ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ቦሌ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ቀይና አረንጓዴም አላቸው። ጣቢያው አይርገበገብም፣ ድምፅ የለውም። እንደ ዶቃ ተሰካክተው በሰልፍ የሚሄዱት ገና የተወነጨፉ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። ቲያንጎንግ የሚባለው የቻይና ጣቢያም በእኛ ሰማይ ያልፋል፤ አነስ ስለሚል ድምቀቱም ይቀንሳል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ክረምቱን እርሱት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የጠራ ሰማይ የሚመረጥ ነው። ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ ይመጣል፤ ከዚያ ይጠፋል፤ ከሰነበተ በኋላ ወደ ንጋት ዞሮ ታገኙታላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተያዘ ሰዓትም አትመኑ። ጣቢያው በየጊዜው በሞተር ምህዋሩን ከፍ ስለሚያደርግ ደቂቃዎቹ ይዛባሉ። በዕለቱ ደግማችሁ እዩ። መብራት ከጠፋ ደግሞ አትማረሩ፤ ለዚች ምሽት ተመቻችሁ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ የሰዓት ጣጣው የለባችሁም። የጣቢያው መንገድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 51.6 ዲግሪ ይደርሳል። ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ያላችሁ በአናታችሁ ይመጣላችኋል። ለንደን ልክ ጠርዙ ላይ ናት። ስቶክሆልም ያላችሁ ወደ ደቡብ ዝቅ አድርጋችሁ ፈልጉ።

ፎቶ ለምትፈልጉ፣ ስልኩን በእጅ አትያዙት። ጡብ ላይ አስደግፉት፤ በሌሊት ማንሻው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ክፍት እንዲቆይ አድርጉ፤ ስትነኩት እንዳይናወጥ የ3 ሰከንድ መቁጠሪያ ሙሉ። የሚወጣው ነጥብ ሳይሆን ረጅም ነጭ መስመር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ግን ፎቶውን ተዉት። ያለው ጊዜ ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ነው፤ እሱንም ከስልክ ጋር ስትታገሉ ያልፍባችኋል።

ሦስተኛው ሙከራዬ በኅዳር 2017 ነበር። ሰዓቱ ከምሽቱ 1:18፣ ትልቁ ከፍታ 78 ዲግሪ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። ጎረቤቴ እትዬ ልብሳቸውን ሊያነሱ ሰገነት ወጥተው አገኙኝና አብረውኝ ቆሙ። ዓይን ጨለማ እንዲለምድ ብዬ ቀድሜ ነበር የወጣሁት፤ እሳቸው ግን ስልካቸውን ከፍተው ፊቴ ላይ አበሩብኝ።

በወጨጫ ቀኝ በኩል ደብዘዝ ያለ ነጥብ ወጣ። አውሮፕላን መሰለኝ። ከፍ ሲል ግን ደመቀ፣ ደመቀ፣ አናታችን ላይ ሲደርስ በሰማዩ ካሉት ከዋክብት ሁሉ በለጠ። ይፈጥናል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በ13 ሰከንድ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ሲታይ ግን አይጣደፍም፤ ዝግ ብሎ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው።

"ሰው አለበት?" አሉ እትዬ።

"ሰባት ሰዎች።"

"እነዚያ ለስምንት ቀን ሄደው የቀሩትም?"

ሁለቱን የናሳ ጠፈርተኞች፣ ሱኒታ ዊሊያምስንና ቡች ዊልሞርን ማለታቸው ነው። ግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ ወጥተው የሄዱበት መንኮራኩር ችግር ስለገጠመው እዚያው ነበሩ። የወረዱት ከ286 ቀን በኋላ፣ መጋቢት ላይ ነው። ያን ምሽት መቼ እንደሚወርዱ ሲጠይቁኝ "የካቲት ነው የተባለው" አልኳቸው። እትዬ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ነጥቡ ወደ የረር ሳይደርስ ብርቱካናማ ቢጤ ሆነ። ከዚያ እዚያው ከፍ እንዳለ ሟሸሸና ጠፋ። ደመና የለም፣ ተራራ የለም። ወደ ምድር ጥላ መግባቱ ነው። ይሄን ሳታዩ እንዳትገቡ፤ ብዙ ሰው አናት ላይ ሲያልፍ ጨረስኩ ብሎ ይወርዳል።

እትዬ ልብሳቸውን አቅፈው ጥቂት ቆሙ። "ነገስ?"

ስልኩን አየሁት። በማግስቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ50 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ 12:30 ይላል፣ 19 ዲግሪ። ሁለት ጡጫ እንኳ አይሞላም።

"ነገ ፎቁ ይከልለዋል እትዬ።"

"እንግዲያው ከነገ ወዲያ ጥራኝ" አሉና ወረዱ።