የደረት ቱቦ ይዛችሁ ጠያቂ ለምትቀበሉ
ደረታችሁ ላይ ቱቦ ገብቶ ጠርሙስ ይዛችሁ የምትውሉ ከሆነ፣ ከሕመሙ ይልቅ የሰው ዓይን ሊያሳቅቃችሁ ይችላል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ፊታችሁ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቀላ ያለ ፈሳሽ ላይ ነው። በጨርቅ ሸፍኑት፤ ግን ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሁሌም ከደረታችሁ ዝቅ ይበል፣ ቱቦውም አይታጠፍ። አንዲት አጭር መልስም አዘጋጁ፦ «ሳንባዬ አካባቢ የተጠራቀመውን እያወጣልኝ ነው፣ ሲያልቅ ይነቀላል» ስትሉ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ወሬ የሚያበዛውን አስታማሚያችሁ በዘዴ ይሸኝላችሁ (ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም)። ሌሊት ይነቀልብኛል ብላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ ለነርሷ ንገሯት፣ አያያዙን ታይላችኋለች። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ቱቦው ከወጣ ግን ወዲያው ሐኪም ጥሩ።