ወሳኙ የሬይሌይ ቁጥር ከ1708 አልንቀሳቀስ ሲለኝ

በሁለት ጠንካራ ሳህኖች መካከል ሆኖ ከሥሩ በሚሞቅ ዝልግልግና ተለጣጭ ፈሳሽ ውስጥ ኮንቬክሽን (በሙቀት ልዩነት የሚነሳ የፈሳሽ ዝውውር) የሚጀምርበትን ወሰን፣ ማለትም ወሳኙን የሬይሌይ ቁጥር (ፈሳሹን በሙቀት የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ከሚገታው ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) ሳሰላ፣ የፈሳሹ ውጥረት የሚረግብበትን ጊዜ ምንም ያህል ባስረዝመው ውጤቱ ያው የተራ ፈሳሽ 1708 ሆነብኝ። በቀመሩ ውስጥ የመለጠጡን ክፍል የረሳሁ መስሎኝ ሁለት ቀን በከንቱ ፈተሽኩ። ስህተቱ ግን የሁከቱን (በቆመው ፈሳሽ ላይ የሚነሳውን ትንሽ መናወጥ) የዕድገት መጠን ገና ከመነሻው ዜሮ ማድረጌ ነበር፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው የማይወዛወዘው ፍሰት ብቻ ሲሆን፣ ፈሳሹ መጀመሪያ ላይ የቆመ በመሆኑ የዚህን ፍሰት ወሰን መለጠጥ አይለውጠውም። የዕድገት መጠኑን ኮምፕሌክስ ቁጥር (እውንና ምናባዊ ክፍል ያለው ቁጥር) አድርጌ፣ እውን ክፍሉን ብቻ ዜሮ በማድረግ ምናባዊ ክፍሉን፣ ማለትም የውዝዋዜውን ድግግሞሽ፣ ነጻ ስተወው፣ የመርገቢያው ጊዜ በበቂ ሁኔታ ሲረዝም የሚወዛወዝ ፍሰት ከ1708 በታች ብቅ አለ። የተጠቀምኩት የማክስዌልን ሞዴል (የሟሚ ድርሻ የሌለው ቀላል የተለጣጭ ፈሳሽ ሞዴል) ነው፤ የሟሚ ድርሻ በሚጨምረው የኦልድሮይድ-ቢ ሞዴል ግን የሟሚው የዝልግልግነት ድርሻ ሲጨምር የውዝዋዜው ወሰን መልሶ ከፍ ይላል።