ያገለገለች ስፖርት መኪና ጎንደር ላይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሔው

ደላላው «ጥይት ናት፣ ምንም አይወጣላትም» ብሎ ሲጀምር እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ፣ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስተዋት ነበር ማለት ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይደብቃል። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ እስክደርስ እንዳታስነሷት» በሉ። እምቢ ካሉ ተዉት።

ስፖርት መኪና ስል ፌራሪ አይደለም። ደላላ የሚያመጣላችሁ ሴሊካ፣ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪዝ፣ ጎልፍ ጂቲአይ፣ ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የምትገዟት መኪና ቀድማ የገባችና በብዙ ሰው እጅ ያለፈች ናት። አንዱ ሞላ ቆርጦባታል፣ ሌላው ማርሚታዋን አስጩኋል፣ ሦስተኛው ኮምፒውተሯን ነካክቷል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ያልተነካካች ቀርፋፋ መኪና ከተነካካች ፈጣን መኪና ትሻለኛለች። ከታች የማነሳቸው ችግሮች ግማሾቹ የሚመጡት ከዚሁ ከመነካካት ነው። ግማሾቹ ደግሞ ከጎንደር ዳገትና ቁልቁለት።

ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች

መጀመሪያ የመኪናዋ ጥፋት ያልሆነውን እንለይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀት ላይ 140 የፈረስ ጉልበት ያላት ሴሊካ ፒያሳ ስትደርስ 110 አካባቢ ናት። ይህን የሚጠግን መካኒክ የለም። «እኔ አስተካክላታለሁ» የሚላችሁ ካለ ኪሳችሁን ያዙ። ቱርቦ ያላት መኪና ግን አየሩን ራሷ አምቃ ስለምታስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳትም።

ከዚያ በላይ ከደከመች ፍተሻውን ከርካሹ ጀምሩ። የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ከዚያ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር። ዘይት የሚቀባ «ስፖርት» ፊልትሮ የተገጠመላት ከሆነች ሴንሰሩን መጠርጠር ነው፤ ዘይቱ እየሄደ ያቆሽሸዋል። ለሴንሰር በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል፣ በጨርቅ አይነካም። ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮና ፖምፓ። ዝቅ ባለ ዙር ደህና ሄዳ ዙሩ ሲጨምር የምትታፈን ከሆነ ደግሞ ጭስ መውጫው መስመር ላይ ያለው ካታሊስት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልተሻላት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ አስለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መመሪያው 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል፣ ጎንደር ላይ 140 ይነበባል፣ «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ ይወርዳል። ከፍታው ንባቡንም ዝቅ ያደርገዋል። እናንተ ማየት ያለባችሁ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አራቱም 140 ከሆኑ ደህና ናት። ሦስቱ 140 ሆነው አንዱ 100 ካለ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና እንደገና አስለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ «እናውርደው» ካለ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

ዳገት ላይ ስትረግጧት ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ጠጠር የምትንኳኳ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ያለጊዜው እየነደደ ነው። ማርሽ ሳትቀንሱ እየጫናችኋት ይሆናል፤ ማርሽ ቀንሱላት። ካልተወች ነዳጁን ጠርጥሩ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። ላምባ ደግሞ ለስፖርት ሞተር መርዝ ነው። ቱርቦ ያላትና የቱርቦ ግፊቷ ከፍ የተደረገባት መኪና ላይ ይህን ድምፅ ከሰማችሁ እግራችሁን ወዲያው አንሡ። ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ነው። ግፊቱን ወደ ፋብሪካው ልክ አስመልሱት።

ሂት ታደርጋለች

ጎንደር ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የብዙ ሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱ ምንም ማለት አይደለም። ሞተሩን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አምቆ ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ቆላ ወርዶ ጉዱ ላይታይ ይችላል፣ እዚህ ግን ቶሎ ይታያል። ስለዚህ ራዲያተር ከማስወረዳችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከኦርጂናሉ ጋር አንድ ይሁን።

ክዳኑ ካላዳናት መቼ እንደምትሞቅ ልብ በሉ። ቆማ ወይም እየተንፏቀቀች ከሞቀች፣ ለምሳሌ በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ሰው መሀል ስትሄዱ፣ ጥፋቱ የፋኑ ነው። ሞተሩ፣ ፊውዙ ወይም ሴንሰሩ። እየሮጠች፣ በተለይ ዳገት ስትወጣ ከሞቀች ግን ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የውሃ ፖምፓው ደክሟል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ራዲያተር ውስጡ ዝገትና ደለል ነው። አጥባችሁ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሙሉ።

አንድ ልማድ ያናድደኛል። መኪና ሞቀች ሲባል ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን፣ አውጥቶ መጣል። ለጊዜው መርፌው ይወርዳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በታኅሣሥ ብርድ ጭራሽ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻው ይበላል። ስትገዙ አስነስታችሁ መርፌው መሀል እስኪደርስ ጠብቁ። ሩብ ሰዓት ተነድታም ከታች የማይነሳ ከሆነ ቴርሞስታት የላትም ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ቀጣዩ ጥያቄያችሁ «ለምን ወጣ?» ይሁን፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ጓርኒሲዮኑን ለማወቅ ጠዋት ሞተሩ በረዶ እንደሆነ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱ። አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። አድሮም ቧንቧው እንደጠነከረ ከሆነ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር የቡና በወተት መልክ ያለው ነገር ከታየ፣ ውሃ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ፣ ያው ነው። 2.5 ሊትር የሆነ የቆየ የሱባሩ ሞተር በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። ኢ46 በሚባለው የቢኤምደብሊው 3 ሲሪዝ ሞዴል ላይ ደግሞ ቅድሚያ የምታዩት የፕላስቲኩን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ሲያረጅ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። እኔ ብሆን ኢ46 ስገዛ ማጠራቀሚያውን፣ የውሃ ፖምፓውንና ቴርሞስታቱን አንድ ላይ እቀይራለሁ፤ ዋጋውንም ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ቀድሜ አስቀንሳለሁ።

መንገድ ላይ ከሞቀች ኤሲ አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ጥግ ይዛችሁ አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን እንዳትነኩ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ያጣምማል።

ጭስ

ነጭ ጭስ በኅዳር ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ እንፋሎት ነው፣ እለፉት። ከሞቀችም በኋላ ካልተወ ወደ ላይ ተመለሱና የጓርኒሲዮኑን አንብቡ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ለዚህ ፍተሻ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ያለውን ቁልቁለት የሚስተካከል የለም። በማርሽ ይዛችሁ፣ ቤንዚን ሳትረግጡ ውረዱ። ታች ስትደርሱ ርገጡት። ጓደኛችሁ በባጃጅ ከኋላ ሆኖ ይይላችሁ። ያኔ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ከወጣ የቫልቮላ ጎሚኒዎች (ዘይት የሚከለክሉት ላስቲኮች) ደርቀዋል። ሥራው መካከለኛ ነው፣ ድርድር ላይ ይገባል። በረገጣችሁ ቁጥር ያለማቋረጥ ከወጣ ግን ፋሻ ነው፤ ሞተር መውረዱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2002 አካባቢ የተሠሩ 1.8 ሊትር ሴሊካዎች (ሞተሩ 1ዜድዜድ የሚባለው) ፋሻው በካርቦን ተይዞ ዘይት የመብላት ችግር አለባቸው። በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ለዘለቄታው መፍትሔው ፋሻውን በተሻሻለው ፒስተን ጭምር መቀየር ነው። እስከዚያው በየሳምንቱ የዘይት መለኪያዋን ምዘዙ። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን መደበቅ የሻጭ ዘዴ ነው፣ የእናንተ እንዳይሆን።

ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ነው። ኢንጄክሽን ከሆነች ሴንሰር ታስፈትሻላችሁ። ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ከሆነች ለቆላ የተስተካከለው ካርቡራተር እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ያበዛል። እንደገና ማስተካከል ይበቃል።

ፍሬኑ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል

ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሄደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን 155 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የገዛችኋት መኪና ዘይት መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ፣ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ቁልቁለቱን ደግሞ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁ፤ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል።

ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት ዲስኮቹ እኩል ውፍረት የላቸውም። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ከሆነ ይላጋል፣ ካነሰ ይጣላል። ሳትይዙም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው።

ፍሪሲዮን ይንሸራተታል

ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ እስከ ታች ርገጡ። ዙሩ ብቻውን ከጮኸና ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስትቀይሩ ዲስኩን፣ መጫኛውንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይሩ። ካምቢዮ ለማውረድ ሁለት ጊዜ መክፈል ሞኝነት ነው። አውርደው ሳለ የኋላውን የሞተር ጎሚኒ እዩት፤ ዘይት የነካው አዲስ ዲስክ ብዙም አይቆይም።

ከሥር ይነካታል፣ ጎማ ይፈነዳል

ኮብልስቶን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ዝቅ ያለች መኪና አይስማሙም። አንሥታችሁ ከሥር እዩ። የዘይት ኮፓው የተሰባበረና በብየዳ የተለጠፈ ከሆነ ዘይት መቼም አይቆምም። ሞላው ጫፉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ባለቤቱ በግራይንደር ቆርጦታል ማለት ነው፤ ኦርጂናል ሞላ ይመለስላት።

ስስ ጎማ ጎንደር ላይ ቸርኬ ይበላል። 205/45 አር17 (ለ17 ኢንች ቸርኬ የሚሆን ጎማ) የምትጠቀም ከሆነች ወደ 205/50 አር16 ብትወርዱ የጎማው ቁመት ከአንድ በመቶ በታች ብቻ ነው የሚለየው። ጎኑ ግን ወፍራም ይሆናል፣ ጉድጓድ ይችላል። መጀመሪያ 16ቱ ቸርኬ የፍሬኑን ካሊፐር ማለፉን አረጋግጡ። «አዲስ ጎማ ነው» ከተባላችሁም ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘመን ቁጠሩት።

የቼክ መብራቱ አይበራም

የሞተር ችግር የሚጠቁመው መብራት ጠፍቶ ስላያችሁ ደስ አይበላችሁ። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ክፈቱ፤ መብራቱ በርቶ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም በቴፕ ተሸፍኗል። የኮድ ማንበቢያ ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሽያን ጥሩ። የችግር ኮድ ባይገኝ እንኳ ማንበቢያው የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎች «ገና አልተጠናቀቁም» ካለ ኮዱ ጠዋት ተሰርዞ መጥቷል ማለት ነው።

ሊብሬውና መኪናው አይስማሙም

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሞተር ተቀይሮ ካልተመዘገበ የስም ዝውውሩ እዚያው ይቆማል። ይህን ማስተካከል የሻጭ ሥራ ነው፣ ከሽያጩ በፊት። መኪናዋ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ታርጋዋ የሌላ ከተማ ከሆነ ፋይሉ እዚያ ነው ያለው፤ ሰው ልካችሁ አስጠይቁ። ቦሎው ካለፈበት ደግሞ ያለፈውን ቅጣት ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። እስከዚያ ቀብድ አትስጡ።