የዱር ምድር ረቂቅ ሕግን እንዴት እንመርምር

በአሜሪካ የፌዴራል መሬትን «የዱር ምድር»፣ ማለትም ሳይለማ በተፈጥሮ ሁኔታው የሚጠበቅ ቦታ፣ ብሎ የመከለል ሥልጣን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት የኮንግረሱ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ በሚነሳው ክርክር ሐሳብ መስጠት የሚፈልግ ሰው ከፖለቲከኞች መግለጫ ይልቅ ረቂቁን ራሱን ይዞ ቢነሳ ይሻለዋል።

በመጀመሪያ ረቂቁ የሚጠቅሰውን ካርታ ያውጡ። የወሰኑ መስመር አንድን የጥርጊያ መንገድ ግራና ቀኝ ታክኮ እንደ ጣት ወደ ውስጥ ከገባ፣ መንገዱ ሆን ተብሎ ከክልሉ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው፤ የድርድሩ ውጤት ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ይለዩ። የሞተር ተሽከርካሪና ብስክሌት በመርህ ደረጃ አይገቡም፤ ከክለላው በፊት የነበረ የከብት ግጦሽ ግን ሊቀጥል ስለሚችል፣ «አርቢው ሊባረር ነው» የሚለው ስሞታ ከጽሑፉ ጋር ሳይመሳከር መታመን የለበትም።

የዱር ምድር ሆነው ይከለሉ እንደሆነ ለጥናት ተይዘው የቆዩ ቦታዎችን «የሚለቅ»፣ ማለትም ጥበቃቸውን የሚያነሳ፣ አንቀጽ መኖሩንም አጥብቀው ይፈልጉ። የፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤት በሆነው በመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ያሉት እነዚህ ቦታዎች ኮንግረሱ እስኪወስን ድረስ የዱር ጠባያቸው ተጠብቆ ስለሚቆይ፣ አንዱን ሸለቆ የሚከልል ረቂቅ ሌላውን ለመንገድ ወይም ለማዕድን ፍለጋ ሊከፍት ይችላል። ለምክር ቤት አባልዎ ሲጽፉ የአንቀጹን ቁጥርና የቦታውን ስም ይጥቀሱ።