የአምፕሊፋየር ቲዩብ አፈታተሽ፣ አዳማ ላይ ለሚያዳምጡ

መጀመሪያ የምትለኩት የቤታችሁን መብራት ነው። ትራንስፎርመሩ ለቲዩቡ (አምፕሊፋየሩ ውስጥ ድምፁን ለሚያጎላው የመስታወት ቱቦ) ማሞቂያ 6.3 ቮልት የሚሰጠው 220 ሲገባለት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መስመሩ 190 ከወረደ ማሞቂያው የሚያገኘው 5.4 ብቻ ይሆናል፤ 245 ከወጣ 7 ይደርሳል። የሚፈቀደው ልዩነት 10 ከመቶ ነው፣ ማለትም ከ5.7 እስከ 6.9 ቮልት። ሲያንስ ድምፁ ይፈዛል፣ ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል፣ ካቶዱም፣ ይጎዳል፤ ሲበዛ ዕድሜው ያጥራል። ደህና ቲዩብ "ደክሟል" ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጠዋትም ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓትም ለኩ። ከልኩ ከወጣ ገንዘባችሁን ከቲዩቡ በፊት ስታቢላይዘር ላይ አውሉት፤ ሰርቮ ሞተር ያለው ከሬሌው ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም አምፑን (አምፕሊፋየሩን) ወዲያው አታብሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ።

ሻጩ ፊት ሆናችሁ መስታወቱን እዩ። አናቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለው ብርማ ቅብ፣ ጌተሩ፣ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቷል፣ ቲዩቡ ሞቷል። ጠርዙ ትንሽ ቡናማ መሆኑ አያሳስብም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ ነው የሚባል ሙላርድ (የእንግሊዝ ብራንድ) ከቀረበላችሁ የታተመው ስም አያታልላችሁ፤ የእውነተኛው ቀለም በጣት ሲታሽ በቀላሉ ይለቃል። እግሮቹ አርጅተው ጽሑፉ ብቻ አዲስ ከሆነ ተጠራጠሩ። መስታወቱ ግርጌ ላይ የተፋቀውን ኮድ ፈልጉ፤ ሁለተኛው መስመር በ"ቢ" ከጀመረ ብላክበርን ፋብሪካ የተሠራ ነው። ራሱ የጀርመኑ ቴሌፉንከን የሠራው ኢሲሲ83 (ትንሹ የመግቢያ ቲዩብ) ደግሞ በእግሮቹ መሃል መስታወቱ ላይ የዳይመንድ ምልክት አለው።

ቀጥሎ በመልቲሜትር። ኢኤል34 (ስፒከሩን የሚነዳው ትልቁ የውጤት ቲዩብ) ላይ በእግር 2 እና 7፣ በማሞቂያው፣ መካከል ሲቀዘቅዝ 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለበት፤ ሲግል ወደ 4.2 ይወጣል። በሌሎቹ እግሮች መካከል ምንም ማንበብ የለበትም፣ ካነበበ ሾርት ነው። ኢሲሲ83 ላይ የሚያነቡት 4፣ 5 እና 9 ብቻ ናቸው። ይህ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ሾርትን አያሳይም።

ዋናው ፈተና አምፑ ላይ ነው። ስፒከር ሳይገጠም አታብሩ፣ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ በ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አራግፉና ከ10 ቮልት በታች መውረዱን አረጋግጡ። በርቶ ስትለኩ በአንድ እጅ ብቻ ሥሩ።

ባያሱን (ቲዩቡ ሙዚቃ ሳይኖር የሚያሳልፈውን ጅረት የሚወስነውን ማስተካከያ) ጅረቱ ዝቅተኛ ወደሚሆንበት አዙሩና አብሩ። ከካቶዱ፣ ከእግር 8፣ ወደ መሬት 1 ኦም ሬዚስተር ካለ የምታነቡት ሚሊ ቮልት በቀጥታ ሚሊ አምፔር ነው። ኢኤል34 የሚችለው 25 ዋት ነው፤ 70 ከመቶው 17.5 ዋት ስለሆነ ፕሌቱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው የውስጡ ብረት) ላይ 400 ቮልት ካለ ጣሪያችሁ 44 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። በ35 ቢቆም 14 ዋት ነው፣ ለቤት ማዳመጫ ይበቃል። በ5ኛው ደቂቃና በ30ኛው ደቂቃ መዝግቡ። ከ30 ደቂቃ በኋላም እየወጣ የሚሄድ ቲዩብ ውስጡ ጋዝ አለው ወይም ግሪዱ (ጅረቱን የሚቆጣጠረው የውስጡ ሽቦ) ኤሌክትሮን መልቀቅ ጀምሯል፤ ስሙ ምንም ይሁን መልሱት። ጥንድ ተብለው የተሸጡት ሁለቱ ከ3 ሚሊ አምፔር በላይ ከተለያዩ ጥንድ አይደሉም፤ ሃም (የመብራት ጉምጉምታ) ይጨምራሉ፣ ባሱንም ያደክሙታል።

ፕሌቱ ከቀላ ወዲያው አጥፉ። ጥፋቱን በቲዩቡ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ቲዩቦቹን ነቅላችሁ የየመቀመጫውን እግር 5 ለኩ፤ ከሌላው ያነሰ አሉታዊ ቮልቴጅ ያለው መቀመጫ ካፓሲተሩ ያፈሳል ወይም የባያሱ መስመር ተቋርጧል። መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ግን ጤነኛ ነው። የሚያሰጋው በኤሌክትሮዶቹ መካከል የሚሞላ ሐምራዊ ጭጋግ ነው።

በመጨረሻ ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ወደ ትዊተሩ አስጠጉ። ሹክሹክታ ወይም ቅጭልጭልታ ካለ የግራና የቀኙን ኢሲሲ83 አምፑን አጥፍታችሁ አቀያይሩ። ጫጫታው አብሮ ከተሻገረ ቲዩቡ ነው። ካልተሻገረ የአዳማ አቧራ መቀመጫው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ኮንታክት ስፕሬይ ነፍታችሁ ቲዩቡን ብዙ ጊዜ አስገቡ፣ አውጡ፤ የላላውን የመቀመጫ ጥፍር በቀጭን መርፌ አጥብቁ። ከዚያ ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ ስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል የሚያስተጋባው ለፎኖ (የሸክላ ማጫወቻ) መግቢያ አይሆንም፣ ምልክቱን በጥቂቱ ብቻ ወደሚያጎላው የኋላ ደረጃ ውሰዱት።