የባለ አራት ጎማ ሞተር ፍሬን ዘይት ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለ አራት ጎማ ሞተር ወይም ኤቲቪ ጭቃ ይገባል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ዕቃ ተጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል። ፍሬኑ ብዙ ይችላል። ሆኖም የሞተር ዘይቱን በሰዓቱ የሚቀይር ሰው የፍሬን ዘይቱን ለዓመታት ይረሳዋል። የሚያስታውሰው የፍሬን እጀታው ሲላላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ይቸኩላል። ስህተቱ የሚበዛውም በዚህ ችኮላ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው በእጅ የሚያዝ ዲስክ ፍሬን ላለው ሞተር ሳይክልም ይሠራል፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ቀነሰ ብሎ መጨመር

የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም። ዝግ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ዘይቱ የሚቀመጥበት ቋት ውስጥ ከቀነሰ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፣ ወይ ፍሬን ሸራው ሳስቷል። ሸራው በሳሳ ቁጥር እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፒስተኑ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ሸራውን ሳታዩ ቋቱን አፉ ድረስ ከሞላችሁ፣ አዲስ ሸራ በሚገባበት ቀን ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራውን እዩ፣ ቱቦውንና ካሊፐሩን፣ ማለትም ጎማው ዘንድ ፒስተኑንና ሸራውን የያዘውን አካል፣ ዳብሱ። ከዚያ ነው ስለ ዘይት የሚወራው።

ቀለሙን አይቶ "ገና ነው" ማለት

የጠቆረ ዘይት መቀየር እንዳለበት ማንም ያውቃል። ችግሩ ንጹሕ የሚመስለው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በጎማው ቱቦ በኩል እንኳ ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ከእሱ የሚጠበቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 3 ከዚያም ያንሳል፤ አዲሱ 205፣ እርጥበት የገባበት 140 ዲግሪ።

ይህ ቁጥር ቁልቁለት ላይ ሕይወት ነው። ፍሬን ተይዞ ለረጅም ጊዜ ሲወረድ የዲስኩ ሙቀት በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ይዘልቃል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እጀታውን ስትጨብጡ መሪው ድረስ ይመጣል፤ ጎማው ግን አይያዝም። ደጋ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ፈሳሽ ከቆላው ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከተራራ አናት ቁልቁል የሚጀምር ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። ውሃና ጭቃ ለሚያዘወትር ሞተር እኔ በየዓመቱ እላለሁ። የአንድ ጠርሙስ ዘይት ዋጋ ዝጎ ከተነቀለ ፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ያገኙትን ዘይት መጨመር

የቋቱ ክዳን ላይ የሚፈለገው ዓይነት ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4 ነው። ዶት 5 እና ዶት 5.1 በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ሌላና ሌላ ናቸው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3፣ ከ4ም ሆነ ከ5.1 ጋር አይዋሐድም። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ደግሞ ጨርሶ መግባት የለበትም። ጎሚኒዎቹን፣ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚዘጉትን ጎማዎች፣ ያሳብጣቸዋል፤ አንዴ ካበጡ ዘይቱን በመቀየር አይመለሱም። የሞተር ዘይት የተቀዳበትን ማንቆርቆሪያ ጠረግ አድርጎ ለፍሬን ዘይት መጠቀምም ያው ነው።

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት አትግዙ። ምን እንደሆነ አታውቁም፤ መቼ እንደተከፈተም አታውቁም። ባለፈው ዓመት ከፍታችሁ ያስቀመጣችሁት ጠርሙስም ቢሆን እርጥበት ስቧል። ትንሹን ጠርሙስ ገዝቶ የተረፈውን መተው ይሻላል። በሃይላንድ የምትቀበሉትን አሮጌውን ዘይት ደግሞ ልጅ ከሚደርስበት ቦታ አርቁት። ከለስላሳ መጠጥ ጋር ይመሳሰላል፣ መርዝም ነው።

ጭቃውን ሳያጥቡ መክፈት

መሪውን፣ ካሊፐሩንና ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ዙሪያውን እጠቡ፣ አድርቁ። የቋቱ ክዳን ሥር የገባች አንዲት አሸዋ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ማለትም እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን የሚገፋውን አካል፣ ትጭረዋለች። የክዳኑ ብሎኖች በቀላሉ ይላጣሉ፤ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያዙና ጫን ብላችሁ ፍቱ።

እጀታውን መልቀቅ፣ ከዚያ መዝጋት

አየር የማስወጣት ሥራ፣ ጋራዥ ውስጥ ስፑርጎ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ የአየር ማስወጫ ብሎኑ ላይ ይሰካል፤ ሌላው ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ትንሽ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ውስጥ ይጠልቃል። እጀታውን ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስቴ ጨብጡና ያዙት። እንደያዛችሁት ብሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ። ዘይቱና አየሩ ይወጣል፤ እጀታው ይላላል። ብሎኑን ዝጉ። አሁን እጀታውን ልቀቁ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ከለቀቃችሁት፣ ያወጣችሁትን አየር በብሎኑ ክር በኩል መልሳችሁ ሳባችሁት ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲሠራ የሚፈጠረው ይህ ነው፤ አንዱ "ልቀቅ" ሳይባል ይለቃል። አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ "ያዝኩ"፣ "ከፈትኩ"፣ "ዘጋሁ"፣ "ልቀቅ"። ከዚያ ውጭ ወሬ አይኑር።

እጀታውን ቶሎ ቶሎ መምታትም አይጠቅምም። ትልልቁን አረፋ ሰባብሮ ደቃቅ ያደርገዋል፤ ደቃቁ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። እንዲህ ከሆነባችሁ ትታችሁት ሻይ ጠጡ፤ አረፋው በራሱ ይሰበሰባል።

ቋቱን ማስራቆት

የኤቲቪ ቋት ትንሽ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ጨብጣችሁ ስትከፍቱ ይጎድላል። ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዶ አየር ከገባ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ዓይናችሁ ቱቦው ላይ ብቻ አይቅር። አሮጌውን ዘይት ከቋቱ አስቀድማችሁ በመርፌ ሲሪንጅ መምጠጥም ሥራውን ያሳጥራል፤ ቆሻሻው መስመሩን ሙሉ መዞር የለበትም።

እጀታውን እስከ መጨረሻው መሳብ

ብዙ ዓመት በሠራ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ጎሚኒው የሚመላለስበት ቦታ የተወለወለ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ይዟል። እጀታው መሪውን እስኪነካ ሲሳብ ጎሚኒው እዚያ ገብቶ ይቀደዳል። አየር በማስወጣት የተጀመረ ሥራ ማስተር ሲሊንደር በመግዛት የሚያልቀው በዚህ ነው። ከእጀታው ኋላ ትንሽ እንጨት አስገቡ።

አየር ወደ ላይ እንደሚሄድ መርሳት

ዘይቱ ጠርቷል፣ አረፋ የለም፣ እጀታው ግን አሁንም ልል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው ካሊፐሩ ነው። የአየር ማስወጫው ብሎን ከላይ መሆን አለበት። የቀኙና የግራው ካሊፐር ተቀያይሮ ከታሰረ ብሎኑ ከታች ይውላል፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ብትጨብጡ ከላይ የተያዘው አየር አይወጣም።

ሁለተኛው ቱቦው ከማስተር ሲሊንደሩ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ከመስመሩ ሁሉ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ማስተር ሲሊንደሩ አግድም እስኪሆን ወይም ያ ቦታ ዝቅ እስኪል መሪውን አዙሩ፤ እጀታውን በጣም ትንሽ ብቻ፣ ነካ ነካ አድርጉት። ቋቱ ውስጥ ከታች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አለች። ደቃቅ አረፋዎች ከእሷ ብቅ ሲሉ ታያላችሁ። ክዳኑን ሳትጭኑ ጠንከር አድርጋችሁ ከጨበጣችሁ ግን በዚያችው ቀዳዳ ዘይቱ ይፈነጠራል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። መነጽር አድርጉ።

የመንኮራኩሮቹ ቅደም ተከተል ከሞተር ሞተር ይለያያል። አንዳንዱ የፊቱና የኋላው መስመር የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ እጀታ አራቱንም ይይዛል። የራሱን መመሪያ ተከተሉ።

ብሎኑን አጥብቆ መጨረስ

የአየር ማስወጫው ብሎን ውስጡ ክፍት ነው፣ ቀጭን ነው፤ ከተሰበረ ካሊፐሩ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ 8 ቁልፍ ይይዘዋል። ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ አፉ ክፍት የሆነው ይልጠዋል። ሲዘጋ ዘይቱን ካቆመ በኋላ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ በቂ ነው። ዝጎ እምቢ ያለውን ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አቆዩት፤ በጉልበት አትሂዱበት። ማላቀቂያው ግን ዲስኩና ሸራው ላይ እንዳያርፍ ሸፍኑ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ። ሸራ ላይ ከተንጠባጠበ ሸራውን ቀይሩ። ዲስኩ ይጸዳል፣ ሸራው ግን የመጠጠውን አይተውም።

ሳይፈትኑ መውጣት

እጀታውን አጥብቃችሁ ጨብጡና አንድ ደቂቃ ያዙ። ቀስ እያለ ወደ መሪው ከወረደ ወይ ያፈስሳል፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አርጅቷል። እጀታው ሁለተኛ ጊዜ ሲጨበጥ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ የሚይዝ ከሆነ አየር ወይም ፒስተኑ ወደ ኋላ የተገፋ ሸራ ሊሆን ይችላል፤ ደጋግማችሁ ጨብጡና ካልተስተካከለ አየር ማስወጣቱን ድገሙት። ቋቱ ከላይኛው መስመር ማለፍ የለበትም፤ ዘይቱ ሲሞቅ መስፊያ ቦታ ካጣ ፍሬኑ ራሱ መያዝ ይጀምራል።

ከዚያ ሞተሩን አንሡና እያንዳንዱን ጎማ በእጅ አሽከርክሩ። ሜዳ ላይ በእግር ጉዞ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ያዙ። ተመልሳችሁ የብሎኖቹን ሥር በደረቅ ወረቀት ጥረጉ። ወረቀቱ ከረጠበ ቁልቁለቱ ለዛሬ ይቅር።