ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬት በሰፈርዎ ሲከፈት ባለሱቅ ምን ያድርግ?

የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ስለከፈተ፣ ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬቶች ወደ ሐዋሳ ሰፈሮችም ሊዘልቁ ይችላሉና ባለሱቆች ከወዲሁ ቢዘጋጁ ይበጃል። ሱፐርማርኬቱ ሲከፈት በመጀመሪያ ገብተው የፓስታውንና የሳሙናውን ዋጋ ይመዝግቡ፤ ሆኖም በብዛት ከሚገዛ ድርጅት ጋር በእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ መፎካከር ካፒታልን ያሟጥጣል። ይልቁንም እርሱ የማይሰጠውን ያጠናክሩ፦ ሩብ ሊትር ዘይት ደንበኛው ባመጣው ጠርሙስ መቅዳትን፣ በርበሬን በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሮ መሸጥን፣ በማለዳ መክፈትንና ለሚያውቁት ሰው ደመወዝ እስኪደርስ ዱቤ መስጠትን። ዱቤው ጣሪያ ይኑረው፤ ቀኑና መጠኑም ደንበኛው እያየ ይጻፍ፣ ምክንያቱም በእኔ እምነት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቃቅረው ያልተጻፈ ሂሳብ ነው። ከአጎራባች ባለሱቆች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ከአከፋፋይ በካርቶን መግዛትም የመግዣ ዋጋን ይቀንሳል።